ወንዝ ዳር ተየሙም

ስሟ ቢጠራ ብዙ ሰው «የኔ ናት» በሚላት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሐጂ ጀውሃር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ማለት እንኳ ያንስባቸዋል። ጥሬ ቆዳ ከየገጠሩ የሚሰበስበው፣ ወንዝ ዳር የሚያለፋው፣ ያለፋውንም በግመል ጭኖ እስከ ባሕር የሚልከው ቤት የሳቸው ነበር። ሕዝቡ «ትልቁ ቤት» ይለዋል። የከተማው እኩሌታ የሚያድረው ከዚያ ቤት በሚያገኘው ነው። ወላጅ ያጣ የቲም ልብስ፣ መስጊድ የሚማር ደረሳ ቀለብ፣ ዘመድ ለሌለው ሟች ከፈን፣ ሁሉም ከዚያው ይወጣል።

ሐጂ ግን በእርጅናቸው ደክመው ነበር። ጠዋት ለማኝ፣ ማታ አመስጋኝ ደጃቸውን ሲጠና፣ ምስጋናው ራሱ ሰልችቷቸዋል። ሥራውን ለወንድማቸው ልጅ ለቶፊቅ ትተው፣ የቀረቻቸው ምኞት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ለጁምዓ መስጊዱ ከሩቅ የሚታይ ሚናራ አቁሞ መሞት። ድንጋዩ ተጠርቦ የመስጊዱ ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ከአንድ ጁምዓ ሶላት በኋላም ሐጂ በሕዝቡ ፊት «ወቅፍ አድርጌዋለሁ» ሊሉ ተቀጠረ። ቃሉ አጭር ነው፤ አንዴ ከአፍ ከወጣ ግን ንብረቱ የአላህ ይሆናል። አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ለሌላ ጉዳይም አይነሳም።

ቀኑ ደረሰ። ሐጂ ከኢማሙ ከሸህ ኢድሪስ ጎን፣ የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጠው ሕዝቡ እስኪረጋጋ ሲጠብቁ፣ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። መይረም ይባላሉ። የሚኖሩት ከከተማው በታች፣ ወንዙ ቆዳ ማልፊያውን አልፎ በሚወርድበት መንደር ነው። ሐጂን በመልክ ስለማያውቋቸው፣ ጥምጣማቸውን አይተው የሃይማኖት አዋቂው፣ ዓሊሙ፣ እሳቸው መሰሏቸው።

«ሸኽዬ፣ አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የመጣሁ።»

«ይናገሩ እናቴ።»

«ቤቴ ወንዝ ዳር ነው። ስሰግድ የኖርኩት ግን በተየሙም ነው፤ አፈር ዳብሼ፣ ፊቴንና እጄን አብሼ። ተየሙም ውሃ ላጣ ሰው ነው ይላሉ። እኔ አላጣሁም፣ ከደጄ ይሄዳል። ሞቴ ደግሞ ቀርቧል። ይኼ ሁሉ ሶላቴ መና ቀርቶ እንደሆን ይንገሩኝ።»

ሐጂ ነገሩ አልገባቸውም። «ውሃ ከደጅዎ እያለ ለምን በአፈር?»

«ቀይ ነዋ። ከቆዳው የሚታጠበው፣ ኖራው፣ የግራር ልጡ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚፈሰው። ይሸታል፣ ገላም ያሳክካል። የምጠጣውን ልጄ ከላይኛው ምንጭ ትቀዳልኛለች፣ እሱም ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ አይተርፍ።»

ሴትዮዋ ማንንም መክሰሳቸው አልነበረም። ስለ ዝናብ መዘግየት እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገሩት። ሐጂም ቀስ ብለው፣ «እኔ ዓሊም አይደለሁም። ሸህ ኢድሪስ እሳቸው ናቸው» አሉ።

ሸህ ኢድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው በቆሻሻ፣ በነጃሳ የተለወጠ ውሃ አያጠራም። ሌላ ካላገኙ ውሃ እንዳጣ ሰው ነዎት። ሶላትዎ ሶላት ነው እናቴ፣ አይጨነቁ።»

መይረም «አልሐምዱሊላህ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሸሁ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ያውቁ ነበር?» አሏቸው ሐጂ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ደረሶቼ የሚበሉት ከርስዎ ነው» አሉ ሸሁ።

ሐጂም ቢሆኑ ጨርሶ አላውቅም ነበር ለማለት አልደፈሩም። በጎልማሳነታቸው በበቅሎ ሲሻገሩ ያንን ቅላት ስንቴ አይተውታል። ውሃው ይበልጥ ሲቀላ ሥራው ደርቷል ብለው ደስ ይላቸው ነበር። ያን ማስታወሳቸው አሳፈራቸው።

ቶፊቅ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ «አባባ፣ ሕዝቡ ቆሟል። ቃሉን ይናገሩና የወንዙን ነገር ከዚያ እናየዋለን» አለ።

«ቆዳው የሚዘፈዘፍበት ጉድጓድ ሜዳው ላይ ተቆፍሮ በድንጋይ ቢገነባ፣ ማልፊያውን ከወንዙ ማራቅ አይቻልም?» አሉት ሐጂ።

«ይቻላል። ግን ያን ያህል የተጠረበ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ሥራውስ ፈትቶ ሊከርም ነው? ስንት ቤተሰብ የሚያድርበት ነው። ደግሞ ማንም አልጠየቀንም።»

«አዎ፣ ማንም አልጠየቀንም» አሉ ሐጂ። «እሳቸውም የመጡት ለሶላታቸው ፈርተው ነው።»

ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። ለስላሳ ነበር፤ ጠራቢዎቹ ተጠበውበታል። ምኞታቸው እሱ ብቻ ነበር።

«ሸህ ኢድሪስ፣ ቃሉን ካልተናገርኩ ይህ ድንጋይ የማን ነው?»

«የርስዎ ነው።»

«ለመስጠት በልቤ ነይቼ ነበር እኮ።»

«የልብዎ ሐሳብ፣ ኒያው፣ ይጻፍልዎታል ኢንሻአላህ። ድንጋዩ ግን የርስዎ ነው።»

ሐጂ ተነሡ። ሕዝቡ ዱዓ ሊደረግ መስሎት እጁን ዘረጋ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ወቅፍ የለም፤ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ወደ ቶፊቅም ዞረው፣ «ድንጋዩን ወደ ሜዳው አስጭን። ሠራተኞቹ ጉድጓዱን ይቆፍሩ፣ ደሞዛቸውም እንዳይጓደል» አሉት።

ከተማው ብዙ አወራ። አረጁ ያለ አለ፣ ሰሰቱ ያለም አለ። ትልቁ ቤት ከሰረ፤ ደንበኞቹም ወደ ሌላ ሄዱ። ማልፊያው ወደ ሜዳው ከተዛወረም በኋላ ወንዙ ቶሎ አልጠራም፣ የኖረበት ዝቃጭ አልለቀቀውም። ሐጂ በበቅሎ እየወረዱ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ያሸቱና ይመለሳሉ። ቤት ሲገቡ «ደከመኝ» ብቻ ይላሉ። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጣ።

በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ቀን የዓስር ሶላት ሲቃረብ መይረም ማንቆርቆሪያ ይዘው ገቡ።

«ውሃ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ውሃ ነው። ከደጄ የቀዳሁት።»

በመዳፋቸው ተቀብለው አዩት፣ አሸቱት፣ ቀመሱት። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ውዱእ አደረጉ፤ ያፈሰሰላቸው ቶፊቅ ነበር። ሰግደው ሲጨርሱ ቶፊቅ እያለቀሰ፣ «አባባ፣ አሁንስ ሚናራዎን ላቁምልዎት?» አላቸው።

«አቁም» አሉት። «ግን ከመስጠትህ በፊት ሁልጊዜ ከታች ወርደህ ውሃውን ቅመስ።»

ሐጂ ለቶፊቅ የነገሩትን እኛም ሰምተናል፤ መፈጸም ላይ ነው የደከምነው። ዛሬ ትልልቅ ድርጅቶች ስማቸውን የጻፉበት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያሠራሉ፣ በረመዳን ቴምር ያድላሉ። አላህ ይቀበላቸው፤ መስጠትን ማንም አያጣጥልም። ነገር ግን የአንድ ትልቅ ቤት ቸርነት ዓሊሙን ሳይቀር ዝም ሊያሰኝ እንደሚችል ሐጂ ጀውሃር ያወቁት አንዲት አሮጊት በስህተት ስለጠየቋቸው ነው። ያ ስህተት ባይኖር ሚናራው ረጅም ይሆን ነበር፤ ከሥሩም መይረም በአፈር ይሰግዱ ነበር። ሁሌ እንዲህ ያለ ስህተት አይገጥምም። ወርዶ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።