እንጉዳይ በዘውገ ቤት የዘር ቆጠራ

ጨፌ ግርጌ በሚባለው አገር፣ መሬቱ ሄዶ የመልከኛነቱ ስም ብቻ ቢቀርም፣ የዘውገ ቤት ልጅ የአባቱን ስም ሲረከብ እስከ ዛሬ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ዘሩን ይቆጥራል፤ ታዲያ ሰባት አያቶቹን ደረቱን ነፍቶ ጠርቶ ጠርቶ፣ መጨረሻ ላይ ሥጋውም ደሙም ያልሆነች የሸክላ ሠሪ ስም ይጠራል። እንግዳ ሰው «እቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ቢል አይፈረድበትም።

እንደሚነገረው፣ ዘውገ እንዴት ያለ ቁመና የነበረው፣ ኩራቱ ግን ከቁመቱ የሚበልጥ ጎልማሳ ነበር፤ አባቱ ሲሞት የአገሩ ገዥ «ቅዳሜ ከእኩለ ቀን በፊት መጥተህ ሹመትህን ካልተቀበልህ ለአጎትህ ልጅ ለናደው እሰጠዋለሁ» ብሎ ላከበት። እሱም ባለ ወርቅ ካባውን ደርቦ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ አንግቦ ተነሣ፤ መንገዱ ተራራውን ዞሮ ነው፣ እሱ ግን ቸኩሎ ጨፌውን ልሰንጥቅ ቢል ረግረጉ እስከ ወገቡ ዋጠው ይባላል።

ጩኸቱን የሰማችው እዚያው ጭቃ ስትቆፍር የነበረች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ዘመዶቿም መጫኛ ይዘው ተከተሏት።

«ጌታዬ፣ ካባውን ያውልቁ፤ እሱ ነው የሚያሰምጥዎ።»

«ለሹመት የምሄድ ሰው በሸክላ ሠሪ ፊት ልራቆት?»

«እንግዲያው ጭቃው ይሹምዎ» ብላ ሳቀች።

ሳቀች እንጂ አልተወችውም። እንቢ እንዳለ ጭቃው ደረቱ ሲደርስ ራሷ ገብታ የካባውን ማሰሪያ ፈታች፣ ጋሻውን ጣለች፣ ያለቻቸውን አንዲት መጫኛ በብብቱ ሥር አሰረችለት። ዘመዶቿ ጎተቱ፤ እሱ ሲወጣ እሷን የቆመችበት ከዳት። ዘውገ እጁ ከመጫኛው ጋር ተጠፍሮ፣ ያ ሁሉ ቁመት ምንም ሳይፈይድለት፣ ስትሰምጥ ዓይኑ እያየ ቀረ። መጫኛው ተፈቶ ሲወረወር የሚይዘው እጅ አልተገኘም።

«ስሟ ማን ነው?» አለ።

«እንጉዳይ።»

ነፍሱን ያተረፈችለትን ሴት ስም ከሰው ጠይቆ ነው ያወቀው።

ጭቃ እንደለበሰ ለሰዓቱ ደረሰ። ገዥው «ዘርህን ቁጠር» ቢለው ሰባቱን ቆጠረና «እንጉዳይ» ብሎ ጨመረ።

«እሷ ምንህ ናት?»

እናቴ እንዳይል እናቱ አይደለች፣ እህቴ እንዳይል ስሟን ያወቀው ዛሬ ነው። ገዥው ቢጠብቅ ቢጠብቅ መልስ ስላጣ ሹመቱን እንዲሁ ሰጠው ይባላል።

ዛሬም ሽማግሌዎቹ «ምንህ ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። ዘንድሮ የተረከበው የወንድሜ ልጅ አምሳሉ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሲናገር አፉ የማይደክመው ነው፤ እሱስ አንድ ነገር አያጣም ብለን ስንጠብቅ፣ ዝም ብሎ መሬት መሬት አየ።