ጉሬዛ ለፋፊውና የኤሊ ወረፋ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይሰለፍ።

ጉሬዛ ከዋርካ ጫፍ ሆኖ የሩቁን እያየ ለእንስሳቱ ይለፍፍ ነበር። አንዴ ሲጮህ ሁሉም ስለሚሰማ፣ ብዙዎች የጠየቁትን ያስቀድማል። ፍትሕ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት በጎች በኅብረት «ሣሩ የት ለምልሟል?» አሉ። ወንዝ ዳር የምትኖረው ኤሊ ግን ብቻዋን፣ «ጋሼ ጉሬዛ፣ ጎርፍ ይታያል ወይ? እኔ እንደሆንኩ ቶሎ መሸሽ አልችልም» አለች።

«እመት ኤሊ፣ አንቺ አንድ ነሽ፤ እነሱ መንጋ ናቸው። ወረፋሽን ጠብቂ!»

ጠበቀች። ጉሬዛ ስለ ሣሩ ሲለፍፍ ውሃው ደረሰ። በጎቹም እስከ ጉልበታቸው ተነክረው በአንድ ድምፅ «ጎርፍ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ጠያቂው ስለበዛ ጉሬዛ ወዲያው «አዎ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው!» ሲል ለፈፈ። ደንቡ አልተጣሰም። ኤሊ ግን መልሱን አልሰማችም፤ ውሃው ወረፋ ሳይጠብቅ ወስዷታል።

ተረቴን መልሱ፤ በየተራችሁ።