ሬንጅ የተደራረበበት ቤት

ልጄ፣ አንድ አናጢ ነበረ፤ እንደ አንተው ሐዘንተኛ። ይህ ሰው በመኪና የሚጎተት የእንጨት ቤት ሠርቶ፣ እርጅናውን ከሚስቱ ጋር ከሐይቅ ሐይቅ እየዞረ ሊያሳልፍ ያስብ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ገና አንድ ጣውላ ሳይላግ ሚስቱ ሞተች።

በሠልስቱ ማግስት መላጊያውን አነሣ። ያገኘው ጣውላ ከተሰነጠቀ ወር ያልሞላው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ በጋ ሳያደርቅ አይነካውም፤ ለራሱ ግን አልታገሠም። የዕድር ሰዎች ማታ ማታ እየመጡ «አይዞህ» ሲሉት ታክቶት ነበርና ቶሎ መሄድ ፈለገ። ስንጥቁን ሁሉ በስቱኮ ደፈነ፤ ግድግዳውን ከውጭ ሦስት ጊዜ ሬንጅ ቀባው፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰው። ለአየር የተወውን ቀዳዳ እንኳ ዝናብ ያስገባብኛል ብሎ ጠረቀመው። ከዚያ የሚስቱን ሣጥን ጫነና በአሮጌ ፒካፑ እየጎተተ ማንም እሱን ከማያውቅበት ሐይቅ ዳር ሄዶ ቆመ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ሌት ተቀን ቢወርድም አንድ ጠብታ አላለፈም። አናጢው በሥራው ኮራ፤ የሚያሳየው ሰው ግን አልነበረውም። ውሎ አድሮ ግድግዳው ከውስጥ ያልበው ጀመር። ዝናብ አሳልፎ ነው ብሎ ወጣና ሬንጅ ደረበበት። ባሰ። እንደገና ደረበ። ከዚያ ወዲያ ወደ ውጭ መውጣትም ቀን መቁጠርም ተወ።

አንድ ቀን ናፍቆት ቢጸናበት ሣጥኑን ከፈተ። የሚስቱ ነጠላ ሻግቷል። ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋው የእሷ ጠረን የለም። ያን ጊዜ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

አንድ ገበሬ ወደ ማሳው ሲያልፍ ለቅሶውን ሰምቶ በሩን መታ። አናጢው ነጠላውን እንደያዘ ከፈተለት።

«ጣሪያዬ አፈሰሰብኝ» አለው።

ገበሬው ገብቶ ግድግዳውን ዳሰሰ። «ወንድሜ፣ ዝናቡ ካቆመ እኮ ሁለት ሳምንት አለፈው። ይኼ ከውጭ የመጣ ውሃ አይደለም። እንጨትህ እርጥብ ነው፤ አንተም ቀን ከሌት ትተነፍስበታለህ። በየት ይውጣ?» አለው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አናጢው ራሱ ለሰው ሲነግር የኖረው ነገር ነበር። አፈረ። መሰርሰሪያውን አነሣና ዝናብ በማይደርስበት፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳውን በሁለት በኩል በሳው። ከዚያ ነጠላውን ፀሐይ ላይ ሊያሰጣ ወጣ። ገበሬው አንዱን ጫፍ ያዘለት፤ እያሰጡም የማን እንደሆነ ጠየቀው። አናጢው ስለ ሚስቱ ለሰው ሲናገር ከቀበራት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ልጄ፣ «እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው አስጠልቶኛል፤ በሬን ዘግቼ ብቀመጥ ምን ነውር አለው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ነውር የለውም። የሰው ወሬ ዝናብ ነው፤ ተከለለው። ነገር ግን እርጥቡ እንጨት አንተ ነህ። ከውጭ በደረብክ ቁጥር እንባህ ከውስጥ ይታመቃል፤ ታምቆም የሚያሻግተው አንተ ልትጠብቀው የምትሳሳለትን የእናትህን ትዝታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እነሆ እኔ ዘንድ ድረስ መጥተሃል። ጥያቄው ይቅርና ተቀመጥ፤ እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?