በመጨረሻው ክፍል የገባው ገዳይ

አቶ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ኩሩ የድራማ አዘጋጅ ነበሩ። የወንጀል ድራማቸው ሁለተኛ ምዕራፍ በቴሌቪዥን ታይቶ ባለቀ ማግስት ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው አስተያየት ጠየቁ። ገዳዩ በመጨረሻው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለ ሰው ሆኖ መገኘቱ ሁሉንም አናዶ ነበር፤ ግን የእንጀራ ነገር ነውና «ግሩም ነው» እያሉ አጨበጨቡ። ምላሱ የማያርፈው የግቢው ዘበኛ ብቻ እጁን አጣምሮ ቆመ። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህችው ሥራ ቢሆንም፣ ክረምቱን ሙሉ ድራማውን እያየ ንጹሕ ሰው ሲጠረጥር መክረሙ እየከነከነው ነበር።

«አንተ፣ ገዳዩን ቀድመህ ገምተህ ነበር?» አሉት አቶ ክንፈሚካኤል።

«አልገመትኩም፣ ጋሼ።»

«አያችሁ? ማንም ያልገመተው ድራማ እንከን የለውም። አለው የሚል ዛሬውኑ ይባረራል። እስቲ አንተ ምን ትላለህ?»

ዘበኛው ኮፍያውን አስተካከለ።

«እኔ የማውቀው የበር ሕግ ብቻ ነው፣ ጋሼ። በእኔ በር ማንም ሳያየው የገባ ሰው ጥፋት ቢሠራ፣ የምባረረው እኔ ነኝ። ይህን ገዳይ ግን ማንም ሳያየው ያስገቡት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ማን እንደሚባረር እርስዎው ይፍረዱ።»