ዘለቀ የተሳለው ጃንጥላ

አንዳንድ አባባል ላይ ላዩን ሲሰሙት የእብድ ጸሎት ይመስላል። ጤነኛ ሰው እንዲህ ብሎ ይለምናል ወይ እያላችሁ የምትስቁበት አንድ አባባል አለ። እኛ የሾላ ምንጭ ሰዎች ግን አንስቅበትም፤ ከምን እንደመጣ እናውቃለንና።

የመንግሥት መብራት ሳይደርሰን በፊት ከተማችን ሁለት የናፍጣ ሞተር ነበራት። አንዱ የዘለቀ ነው፣ ሌላው የወይዘሮ የሺመቤት። ሁለቱም ሽቦ ዘርግተው ለየደንበኞቻቸው መብራት ይሸጣሉ። ሞተር ያለ እረፍት አይሠራምና የአንዱ ዘይት ሲቀየር የሌላው ሞተር የሁለቱንም ሰፈር ይዞ ይውላል። ከመጀመሪያ የተስማሙበት ደንብ ነው። በዚህ የተነሳ መብራት ጠፋ ሲባል ሰምተን አናውቅም።

ዘለቀን ግን ቅናት በላው። ምን ጎድሎት እንዳትሉ፣ ምንም አልጎደለውም። ብቻ ሰው «የየሺመቤት መብራት እኮ አይርገበገብም» ያለ ቀን ምሳው አይወርድለትም። አንዴማ ከእሷ ደንበኛ ቤት አምፖል ለምኖ ወስዶ የራሱ ጣሪያ ላይ ሰቅሎ አይቶታል፤ ያው አምፖል ነው። ስሟን አይጠራም፣ «ምቀኛዬ» ነው የሚላት። እሱ እየተመቀኘ ምቀኛዋ እሷ ሆነች፣ ጉድ ነው እኮ! በመጨረሻ ገብርኤል ደጅ ቆሞ፣ ምቀኛዬን ከዚህ ከተማ ከነቀልክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብሎ ተሳለ።

መልአኩን ብቻ አልጠበቀም። የመብራቱን ዋጋ ከናፍጣው ዋጋ በታች አወረደው። እኛም ርካሽ ስናይ ወደ እሱ ሮጥን፤ እኔም ሮጫለሁ፣ አልዋሽም። የሺመቤት ስድስት ወር ታግላ አቃታት። ይሄኔ ዘለቀ ራሱ ከሩቅ አገር ገዢ ፈልጎ አመጣላት። ሞተሩ መኪና ላይ ሲጫን ከተሸካሚዎቹ ጋር ትከሻውን አስገብቶ ገፋ። በሳምንቱ ጃንጥላውን በእልልታ አስገባ።

ብቻውን ሲቀር ዋጋውን ከድሮው እጥፍ አደረገው፤ ወዴት እንሄዳለን? ሞተሩን ግን የሚያሳርፍበት ቀን አጣ። ዘይት ልቀይር ቢል ተራውን የሚይዝለት የለም፣ ስለዚህ ሌት ተቀን ያስጮኸዋል።

የልጁ የብርቄ ሠርግ ሁለት ቀን ቀረው። የድግሱ ጤፍ ወፍጮ ቤት ተራግፎ ሳለ የዘለቀ ሞተር አጓርቶ ቆመ፤ በእሱ መብራት የሚሠራው ወፍጮም አብሮት ቆመ። መካኒኩ ከፈተው፣ አየው፣ ተቃጥሏል ብሎ እጁን ጠረገ። ሌላ ወፍጮ የሚገኘው የሁለት ቀን መንገድ ተሂዶ ነው። አማቾቹ መቶ ሰው ይዘው ይመጣሉ፣ እንጀራ የለም። ዘለቀ እንደዚያ ቀን ፊቱ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም።

የሺመቤት እህል ልታስፈጭ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ስሟን የማይጠራት ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ አንቱ አላት።

«እትዬ የሺመቤት፣ ልጄ ልትዋረድብኝ ነው። ይድረሱልኝ።»

«ብርቄ የእኔም ልጅ ናት» አለችው። «ሞተሩ ቢኖር አሁኑኑ አስነሳልህ ነበር። ግን ገዢውን ያመጣኸው አንተ፣ ገፍተህ የጫንከውም አንተ። ከየት ላምጣልህ?»

ይህን ብላ ነጠላዋን አሸረጠችና ጤፉን በየቁናው ለሴቶቹ ታከፋፍል ጀመር። የእናቶቻችሁን የእጅ ወፍጮ ከየጓዳው አውጡ አለቻቸው፤ የመጀመሪያውን ቁናም ራሷ ተሸከመች። ሴቶቹ ሲመርቋት፣ አያችሁት ያንን ሰው፣ ያኔም ቅር አለው!

ሁሉም ሲሄድ ዘለቀ ለራሱ እንደሚያወራ፣ ለገብርኤል ሌላ ስለት እሳላለሁ አለ። ሽማግሌው ባለወፍጮ አያ ተገኝ ከቆመው ወፍጮ አጠገብ ሆነው ሰሙት።

«ተሳል ልጄ፣ ተሳል» አሉት። «የዛሬውን ግን አስተካክለህ ለምነው፤ ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› በል።»