ለምክትሉ ነብር የተጠየቀ ምሕረት

ተረቱን ከመስማታችሁ በፊት እስቲ መልሱልኝ፤ አንበሳ በነገሠበት ጫካ ከአንበሳው በላይ የሚፈራው ማን ነው?

በዚያ ጫካ የሚፈራው ምክትሉ ነብር ነበር። የሚያገሳው አንበሳው ቢሆንም፣ መቼና በማን ላይ እንደሚያገሳ በጆሮው የሚነግረው ነብሩ ነው። አንድ በጋ «ከወንዙ ማዶ ያሉት ጅቦች መርዝ ደብቀዋል» አለው፤ አንበሳውም «ዝመቱ!» ብሎ አገሳ። የአሮጊቷ ሚዳቋ ልጅ ከዘማቾቹ ጋር ወንዙን ተሻግሮ በዚያው ቀረ። መርዝ ግን አልተገኘም።

ነብሩ አርጅቶ ሹመቱን ሲለቅ አውሬው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። በጫካው ወግ ከሹመት የወረደ በዋርካው ጥላ የሚጦረው፣ ሁሉም በየተራው «ምሬሃለሁ» ሲለው ብቻ ነው። የአሮጊቷ ሚዳቋ ተራ ደረሰ። የነብሩ ልጆች ከኋላዋ ተኝተው ጥፍራቸውን ይልሳሉ፤ የቀረቻት አንዲት ግልገል ከሆዷ ሥር ተለጥፋለች።

«በይው እንጂ እመት ሚዳቋ» አላት ከርከሮ በሹክሹክታ። «እኔ እንኳ አደን ላይ በስህተት ፊቴን የቦጨቀኝ ጊዜ፣ ፊቴን መንገዱ ላይ በማስቀመጤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።»

«አያ ነብሮ፣ መርዙስ የታለ?» አለች ሚዳቋ።

«ያኔ የመሰለኝን ተናገርኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናገራለሁ» አላት ነብሩ፣ ሳይቆጣ።

ሚዳቋ ግልገሏን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ከፊቷ አስቀደመቻት።

«እንግዲያው አልምርህም» አለች። «አንበሳውንም አልምረውም። ዛሬ ‹ምሬሃለሁ› ያላችሁትን እናንተንም አልምራችሁም።»