ያልተሳመው ጉልበት

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የመጣሁት፤ ታገሡኝ።

ይህ ሰው በሠርጉ ዕለት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሙሽራይቱ ቤት ገባ። ሥርዓቱን ታውቃላችሁ፤ ጉልበት ሳይሳም ምርቃት የለም፣ ሳይመረቁም ሙሽራ ይዞ መውጣት የለም። የሙሽራይቱ አባት፣ አቶ ወርቅአፈራው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

ሙሽራው ግን መጎንበስ አይችልም። አራት ዓመት ሙሉ ጀርባው እንደ ሳንቃ ደርቆ እያደረ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ፈተና ሆኖበት ኖሯል። እናቱ «ብርድ ነው» አሉት። ጎረቤቱ «ጠዋት አሞ ከሰዓት የሚተው በሽታ የት አለ? ስንፍና ነው» አለ። በሽታውስ አለ! በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳው፤ በሽታን ሊከላከል የተፈጠረው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አከርካሪውን መገጣጠሚያ እያስቆጣ ነው። ተኝቶ ሲውል ይብስበታል፣ ሲንቀሳቀስ ይለቀዋል። ፈጽሞ ባይድንም መድኃኒቱን ካላቋረጠ፣ በየቀኑ ሰውነቱን ካፍታታ፣ ወገቡን በወጌሻ ካላስጠመዘዘ፣ ሠርቶ አግብቶ ይኖራል። ልጁም የተባለውን አደረገ፤ ሕመሙም ረገበለት። ዘግይቶ ስለታከመ ግን ወገቡና አንገቱ እንደደረቁ ቀሩ።

እንግዲህ የቻለውን ያህል ዝቅ ብሎ የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ።

«ይሄ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?» አሉ የሙሽራይቱ አጎት። «ልጃችንን ሊወስድ መጥቶ ይኮፈስብናል?»

«ጋሼ፣ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ነው። ሕመም አለብኝ።»

«በዚህ ዕድሜህ የምን ወገብ ነው?»

ብለው ማጅራቱን ይዘው ቁልቁል ተጫኑት። ይታያችሁ! እንዲያ የደረቀ አጥንት በኃይል ሲጫኑት ሊሰበር ይችላል። ልጁ ጥርሱን ነከሰ፤ በሠርጉ ቀን፣ በሰው ፊት፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ማን ተው አላቸው? ቤቱ ሙሉ ሽማግሌ፣ ቤቱ ሙሉ ቆራቢ፣ አንድ ሰው ተው አላለም።

ሙሽራይቱ ስንዱ ከጓዳ ወጥታ የአጎቷን እጅ ከአንገቱ ላይ አነሣች። ወደ አባቷም ዞረች።

«አባባ፣ እሱ መጎንበስ አይችልም። እርስዎ ግን መነሣት ይችላሉ።»

አቶ ወርቅአፈራው ተነሡ፣ አቀፉት፣ ቆመው መረቁት።

መጨረሻው አማረ ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ቁጣ ግን አልበረደልኝም። ከወንበር መነሣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለዚያች ለማትሞላ ደቂቃ ነው የሰው አንገት ሊሰበር የነበረው! በሽታውን ባያውቁት አይፈረድባቸውም። ልጁ በአፉ ሲነግራቸው ለምን አልሰሙትም?

እናንተስ? በስቅለት ዕለት እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ሁላችን ስንሰግድ ዓምዱን ተደግፎ የቆመ ወጣት ነበር። «ትዕቢት ነው» ያላችሁ አላችሁ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ሰይጣን አላሰግድ ብሎት ነው» ያላችሁም አላችሁ። አንዳችሁ «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁታል? እግዚአብሔር ልብን ያያል እያልን እናስተምራለን፤ እኛ ግን የሰው ወገብ እንለካለን።

ያማችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ዛሬም እዚህ መካከላችን አለ፤ ስንወጣ በሩ ላይ ጠብቁትና ይቅርታ ጠይቁት። ዝቅ የምትሉት ግን እናንተ ናችሁ።